ችካሉ ላይ ያረፈችው ወፍ

አሰገደች ከሦስተኛ ክፍል አላለፈችም፤ ክርክር ላይ ግን ዲግሪ የጫነውንም ላብ ታስጠምቀዋለች። ያን ሰሞን በኮሮናው ምክንያት ከቤት አትውጡ ተብሎ፣ በስደት በሚኖሩበት ከተማ ፎርድስበርግ ገበያ ያለው የልብስ መደቧ ተዘግቶ፣ ሮዘተንቪል በሚባለው ሰፈር በጋራ በተከራዩት ቤት ሦስት ሰዎች ተፋጠው ቀሩ፤ እሷ፣ የቆሎ ትምህርት የቀመሰው ኃይለማርያም፣ እና ጥፍር በማሳመር የምትተዳደረው ፊሊፒናዊት ሚንዳ።

አንድ ቀን ሚንዳ ስልኳን ታቅፋ ወጥ ቤት ገባች።

«አቴ፣ አባቴ ጻፈልኝ።»

አቴ በነሱ አገር እትዬ ማለት ነው። አሰገደች እንዲህ ስትባል ደስ ይላታል፤ አፍ አውጥታ ግን አትናገርም።

አባትየው ባታንጋስ በሚባል የባሕር ዳርቻ አገር የሚኖሩ ጡረተኛ መምህርና ገጣሚ ናቸው። ሚንዳ ሳይመርቋት ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው፤ እስከዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሱላትም። አሁን ወንድሟ ፎቶ አንሥቶ የላከላት ወረቀት ላይ አራት ስንኝ ብቻ አለ። ሰላምታ የለው፣ ፊርማ የለው። ታናጋ ይሉታል፤ እያንዳንዱ ስንኝ ሰባት ሰባት ቀለም ሆኖ፣ አራቱም በአንድ ቤት ይመታሉ።

ሚንዳ በገበያ እንግሊዝኛ አስረዳች። ኃይለማርያም ቁጥሩ ከሚፈርስ ሞቼ ልገኝ ብሎ፣ ጣቱን ሲቆጥር አርፍዶ እንዲህ ወደ አማርኛ መለሰው፦

ገመዷን በጥሳ ሄደች፣
ጀልባ ባሕሩን ወደደች፣
ችካሏን ብቻ ተወች፣
እሱ ላይ ወፍ አረፈች።

«እርግማን ከሆነ አልደውልም» አለች ሚንዳ። «ጥሪ ከሆነ አሁኑኑ እደውላለሁ። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በሽታው እዚያም ገብቷል።»

«ግልጽ እኮ ነው» አለ ኃይለማርያም ጉሮሮውን ጠርጎ። «ጀልባዋ አንቺ፣ ችካሉ አባትሽ። ወፏ በቦታሽ የገባ ሌላ ልጅ ናት። ተተክተሻል ማለት ነው!»

የሚንዳ ዓይን እንባ ሞላ።

«ምላስህን ይቁረጠውና!» አለች አሰገደች።

«እትዬ አሰገደች፣ ቅኔ ሲፈታ እንዲህ ነው።»

«አንተ ካልፈታህ እንቅልፍ አይወስድህም። የጨው ዕቃ ላይ 'ጨው' ተብሎ ቢጻፍ፣ ስኳር ለማለት ነው ትላለህ።»

«እሺ፣ አንቺ ፍቺዋ!»

አሰገደች ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ሦስት ራስ ጨረሰች። ከዚያ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ወፏ ማረፏን ማን አየ?»

«ምን?»

«ሰውዬው ወፍ አረፈች ይላሉ። ከየት ሆነው አዩዋት? አልጋቸው ላይ ተጋድመው? ችካሉ አጠገብ ቆመው ነዋ! ጀልባ በሄደበት ዳርቻ የሚቆም ሽማግሌ ምን ሊያደርግ ነው? ዓሣ ሊነግድ?»

«ገጣሚ እኮ ሳያይም ይጽፋል» አለ ኃይለማርያም፤ ድምፁ ግን ቀንሷል።

«እንግዲያው ይጠየቃሉ። ስልኩን ወዲህ በይ።»

«አቴ፣ አይሆንም፣ ቆይ—»

አቴ አልቆየችም። ሚንዳ ከነስልክ ቁጥሩ ያስቀመጠችውን የአባቷን ባለ መነጽር ፎቶ ፈልጋ ተጫነችው፤ ሲጠራ ስልኩን ሚንዳ እጅ ላይ ወረወረችው።

ሮዘተንቪል እኩለ ቀን ነው፤ ባታንጋስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሽማግሌው በቪዲዮ ብቅ አሉ፤ ማስካቸው አንድ ጆሯቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሚንዳ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ስለ ወፏ ጠይቂያቸው» አለ ኃይለማርያም በሹክሹክታ።

ሽማግሌው ልጃቸውን ከላይ እስከታች አዩዋት። ከዚያ ሁለት ሦስት ቃል ጣል አደረጉ፤ ሚንዳ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

«ምን አሉ? ረገሙሽ?» አሰገደች ማማሰያዋን አነሣች።

«በልተሻል ወይ? አለኝ።»

«አሃ!» አለ ኃይለማርያም፤ «'በልተሻል' ሲሉ እንግዲህ ምስጢሩ—»

«መብላቷን ነው የጠየቋት!» አሰገደች ስልኩን ነጥቃ ፊቷን መስታወቱ ላይ ለጠፈችው። «አባባ፣ እኔ ባለሁበት ቤት ሰው ጦሙን ያድራል እንዴ? ይኸው፣ ይመልከቱ!» ብላ የድስቱን ክዳን ከፈተች።

ሽማግሌው አማርኛ አያውቁም፤ ግን መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ድስቱ አጎነበሱ። አንድ ነገር አሉ።

«ምን ይላሉ?»

«ውስጡ ምንድን ነው ይላል» አለች ሚንዳ በእንባዋ መሐል እየሳቀች።

«ምስር ወጥ ነው በያቸው። ወንበር ይሳቡና ይቀመጡ፤ አሠራሩ ረጅም ነው።»