ሠራተኛው ተውፊቅ እና ሥራ አስኪያጁ ተውፊቅ

ቢልቂስ ኮምቦልቻ ካለ አንድ ፋብሪካ የንብረት ክፍል ሥራ አግኝታለች፤ የቀራት ዋስ ብቻ ነው። ፋብሪካው ዋስ ሲል ወንድም፣ ጎረቤት፣ የታወቀ ሰው ማለቱ አይደለም። ደመወዝተኛ ነው የሚፈልገው፤ ደመወዙ ከእሷ ስምንት ሺህ የማያንስ፣ አሠሪውም በማኅተም የሚመሰክርለት። እስከ ሐሙስ ካላመጣች ሥራው ለተጠባባቂዋ ይሰጣል።

«አንተ እያለህልኝ እኔ ዋስ ፍለጋ ሰው ደጅ ልጥና እንዴ?» አለችው ታላቅ ወንድሟን።

ተውፊቅ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር የልብስ ስፌት ቤት አለው። ሦስት የስፌት መኪና፣ አንዲት ሠራተኛ፣ ለተማሪ ዩኒፎርም ጨረታ ያስቀረጸው ክብ ማኅተም አለው። ደመወዝ ግን የለውም። እንደሌለውም እስከዚያች ሰኞ ልብ ብሎት አያውቅም። ብር ሲቸግረው መሳቢያውን ይስባል፤ ክር ሲያልቅ ደግሞ ኪሱን ይዳብሳል። አሁን ግን ነገሩ ከነከነው። የሱቁ ብር የእሱ ብር የሚሆነው የት ላይ ነው? መሳቢያው ጠርዝ ላይ? ኪሱ ውስጥ? ወይስ ሥጋ ቤት ሲደርስ?

«እትዬ ስመኝ፣ እኔ በወር ስንት ነው የማገኘው?»

እትዬ ስመኝ አዝራር የምትተክለውና ካውያ የምትመታው ሠራተኛው ናት። ዓይኗን ከመርፌው አላነሳችም።

«እኔ የማውቀው የራሴን አምስት ሺህ ነው። የአንተን አንተ እወቅ።»

«ግን ስንት የምወስድ ይመስልሻል?»

«እንደ ረኃብህ ነዋ!»

ረኃብን ደግሞ ማኅተም አያረጋግጠውም። ስለዚህ ተውፊቅ በዚያው ከሰዓት ራሱን ቀጠረ። ሠራተኛው ተውፊቅ ዐሥር ሺህ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ተውፊቅ ሳቀበት፤ ጨርቅ እንዲህ እሳት በሆነበት ጊዜ! ሠራተኛው የዐሥራ ሁለት ዓመት ልፋቱን ቆጠረ። ሥራ አስኪያጁ የአርፋጅነቱን ነገር አነሳ። በመጨረሻ በስምንት ሺህ ተስማሙና ሥራ አስኪያጁ «በድርጅታችን በቋሚነት የሚሠሩ ታታሪ ባልደረባችን» የሚል ደብዳቤ ጽፎ አተመበት። «ታታሪ» የሚለውን ሠራተኛው ለምኖ ነው ያስገባው።

ማክሰኞ የሐረጎን ተራራ ሲወርድ ሞቆት ጃኬቱን አውልቆ፣ ደብዳቤውን ግን ከደረቱ ሳያነሳ ኮምቦልቻ ገባ። የቅጥር ክፍሉ ኃላፊ አቶ ጸጋው ወረቀቱን አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች አዩት።

«ሠራተኛው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«የፈረመልዎትስ ሥራ አስኪያጅ?»

«እሱም እኔው ነኝ።»

«ጥሩ። ልጅቷ ንብረት ብታጎድል ከደመወዝዎ እንዲቆረጥ ለማን ነው የምንጽፈው?»

«ለእኔ ይጻፉ። ወላሂ ከራሴ ላይ እቆርጣለሁ!»

«ሥራ ቢለቁስ ማን ያሳውቀናል?»

ተውፊቅ ይህን አላሰበበትም ነበር። ሥራ ቢለቅ የት ይሄዳል?

አቶ ጸጋው ደብዳቤውን መለሱለት። «ሌላ ደመወዝተኛ የለም በስፌት ቤትዎ?»

«አንዲት ሴት አለች።»

«እሷ ትሆናለች።»

«ቤቱ የእኔ፣ መኪናው የእኔ፣ ለእሷ የምከፍላት እኔ! እኔ አልታመን እሷ ትታመን?»

«ለእሷ የሚከፍላት ሰው አላት። ለእርስዎ ማን ይከፍልዎታል?»

ይህን ጥያቄ ተሸክሞ ሐረጎን መልሶ ወጣው።

ረቡዕ ጠዋት ለእትዬ ስመኝ ነገራት። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ አምስት ሺህ ስምንት ሺህ አይሞላም።

«ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ስምንት ሺህ እንለዋለን።»

«መሳቢያው ላይስ?»

«መሳቢያው ላይማ… ያው እንደ ድሮው።»

እትዬ ስመኝ ካውያውን አቆመች። «ቢልቂስን እወዳታለሁ፤ በእጄ ነው ያደገችው። ግን ተውፊቄ፣ በወረቀት ብቻ ስከፈል በወረቀት ብቻ ነው ዋስ የምሆን። ነገ ዕቃ ቢጎድል የሚቆርጡት ከወረቀቱ ነው ከእኔ?»

«ላንቺ ስምንት ከከፈልኩ ለእኔ ምን ይተርፋል?»

«ስንት ትወስድ እንደነበር ሳታውቅ ምን እንደሚተርፍህ በምን ታውቃለህ? አንድ ወር ሞክረው። የመሳቢያው ቁልፍ እኔ ጋ ይሁን። ለአንተም ስድስት ሺህ ደመወዝ ይቆረጥልህ፤ ሠላሳ ቀን ሲሞላ ትቀበላለህ።»

«ካንቺ ያነሰ?»

«እኔ ዋስ ነኛ!»

ሐሙስ እትዬ ስመኝ የስምንት ሺህ ደብዳቤዋንና የመሳቢያውን ቁልፍ ይዛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ኮምቦልቻ ወረደች። ማታ ቢልቂስ ደወለች፤ ደስታዋ ስልኩን ሊሰብረው ደረሰ። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች።

ሠራተኛው ተውፊቅ ግን በሁለተኛው ሳምንት ኪሱ ነጠፈ። መሳቢያው አጠገብ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። የሚገርመው ነገር፣ እትዬ ስመኝ ስትከፍተው እንዳየው፣ መሳቢያው በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ሞልቶ አያውቅም። ስቦ የሚያወጣው እሱ ብቻ ኖሯል!

«እትዬ ስመኝ፣ ያን ቁልፍ ለአፍታ…»

«የሚጠይቀኝ ማነው? አለቃው ነው ሠራተኛው?»

ትንሽ አሰበ። «አለቃው ቢሆንስ?»

«አለቃው የጨርቅ ደረሰኝ ያሳየኝ።»

«ሠራተኛው ቢሆንስ?»

«ሠራተኛው ሠላሳ ቀን ይጠብቅ።»

«ርቦኛል እኮ ሴትዮ! ከደመወዜ ላይ ትንሽ ቅድሚያ ክፍያ ስጪኝ በቃ።»

እትዬ ስመኝ አዝራሩን ተክላ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ሳቋን ለመደበቅ ይመስላል ጎንበስ ያለችው።

«ቅድሚያ በዋስ ነው» አለች። «ደመወዝተኛ የሆነ ዋስ።»

ተውፊቅ መሳቢያውን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ሄሎ፣ ቢልቂስ? እንደምን ዋልሽ እህቴ። እንደው አንድ ነገር ላስቸግርሽ…»