መንገደኛው ገባ ወይ

«‹ሻንጣዬስ ይኸው፤ የጠፋችብኝ ሚስቴ ናት› ይላል ለፖሊሱ» አለ ተማም በማይክሮፎኑ። ያንኑ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎም በሶማልኛ ደገመው። አዳራሹም በየቋንቋው ተራ በተራ ሳቀ።

በዚያ የድሬዳዋ ሲኒማ ቤት የውጭ ፊልም የሚታየው እንዲህ ነው። ተማም ከሸራው ጎን ቆሞ ያስተረጉማል፤ ያልገባውን ከራሱ ይሞላል። አሥራ አንድ ዓመት እንጀራ የበላው በዚሁ ነው። የዛሬው ፊልም ደግሞ ለማስተርጎም ቀላል ነበር። አንድ ገራገር ሰው ቤተሰቡን ይዞ ለዕረፍት ባሕር ማዶ ይሄድና በየደረሰበት ሲዝረከረክ ይውላል።

የከበደው ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ሴት ነገር ነው። እትዬ ተሻለች የተማም የግቢ ጎረቤት ናት፤ ቀፊራ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአንድ ልጇ ከበቀለ ሌላ ሰው የሌላት። በቀለ ብሔራዊ ውትድርናን ሸሽቶ ወደ ጅቡቲ በእግሩ ከወጣ ስምንት ወር ሆኖታል። ለቀበሌው «አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ነው» ብላለች። ቀበሌው አላመናትም፤ እሷም እንዳላመናት ታውቃለች።

ባለፈው ዓርብ የባቡር ሠራተኛው ሙመድ ተማምን ወደ ጥግ ስቦ፣ በቀለን በጅቡቲ መንገድ ከአይሻ ማዶ ሞቶ እንዳገኘውና በገዛ እጁ እንደቀበረው ነገረው። የገደለው ጥም ነው።

መርዶ ብቻውን የሚያረዳ ሰው የለም። ሊነጋጋ ሲል ጎረቤትና ዕድርተኛ ተሰብስቦ ነው በር የሚንኳኳው። ተማም ሙስሊም ቢሆንም ይህን ያውቃል፤ በአንድ ግቢ ሲኖሩ የማያውቁት የጎረቤት ወግ የለም። ወደ ዕድሩ ዳኛ ወደ አቶ ወልደጻድቅ ሄደ። ሽማግሌው ሰምተው ሲያበቁ በሩን ዘጉት።

«ለኮብላይ ድንኳን ተከላችሁ ብንባልስ?» አሉ። «እኛ አላየንም፣ አልሰማንም። አንተም ሆድ ይፍጀው በል።»

ሌሎቹም ያው ነበሩ። ተማም ሁለት ሌሊት ከነገሩ ጋር አደረ። እትዬ ተሻለችን ውሃ ስትቀዳ፣ ምድጃ ስታራግብ ባያት ቁጥር ራሱን እንደ ሌባ ይቆጥረው ጀመር።

ዛሬ እሑድ ከሰዓት ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጉግሳ ከየቤቱ አንድ ሰው ፊልም እንዲያይ አዘዘ። ከመጀመሩ በፊት ተማምን ጠርቶ፣ «መጨረሻው አይታይም» አለው። «ሰውዬው ጠፍቶ ጎዳና ላይ ሲቀመጥ ይቆማል። አገሩን ጥሎ የሄደ መጨረሻው ይህ ነው ብለህ ትዘጋለህ።» ተማም ፊልሙን ሐሙስ ዕለት እስከ ጫፉ አይቶታል። ቢሆንም አራት ልጆች አሉት፤ እሺ አለ።

የፊልሙ ጥቅልል ተለውጦ እስኪገጠም መብራት ሲበራ እትዬ ተሻለች በእጇ ጠቅሳ አስጠጋችው። ዓይኗ በሳቅ ብዛት እንባ አቅርሯል። በቀለ ከሄደ ወዲህ ስትስቅ ያያት ዛሬ ነው።

«ተማሜ» አለች ዝቅ ብላ፣ «እንዲህ ያለው ቂል እንኳ ባሕር ማዶ ካልሞተ፣ የኔ ብልህ ምን ይሆናል አቦ?»

ተማም ወደ ቦታው ተመለሰና መንገደኛው ገንዘቡን ሲጥል፣ አውቶቡስ ሲያመልጠው፣ ዝናብ ሲመታው አስተረጎመ። ሰውዬው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ሸራው ነጭ ሆነ፤ መብራቱም በራ። ጓድ ጉግሳ ከፊት ረድፍ በአገጩ ጠቆመው።

«አገሩን ጥሎ የሄደ…» ብሎ ጀመረ ተማም።

እትዬ ተሻለች ብድግ አለች። «ቆይ እስቲ፤ መንገደኛው አገሩ ገባ ወይ?»

ገባ ካላት እስክትሞት በር በሩን ስታይ ልትኖር ነው። አልገባም ቢል የሊቀመንበሩን ውሸት መሸጥ ነው። ዙሪያዋን አየ። አቶ ወልደጻድቅ አሉ፤ የዕድሩ ሴቶች፣ የግቢው ሰዎች፣ መርዶ ሲረዳ መኖር ያለበት ሁሉ በትእዛዝ ተሰብስቦ ተቀምጧል። ማይክሮፎኑን አጠፋና ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«ሰውዬውስ ገብቷል፣ እትዬ ተሻለች። መጨረሻውን ቆርጠውት ነው። እናቱ በር ከፍታ ተቀብላዋለች» አለ። «ያልገባው በቀለ ነው። ከአይሻ ማዶ ውሃ አልቆበት ሞተ። ሙመድ ቀብሮታል።»

እትዬ ተሻለች ቀስ ብላ ተቀመጠችና ባዶውን ሸራ አየች።

«እናቱ ከፈተችለት አልከኝ?» አለች።

አቶ ወልደጻድቅ ጫማቸውን ያያሉ። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ በሩ አመሩ፤ ሌላውም ተከተላቸው።

«ጓድ ተማም፣ ወዲህ ና» አለ ጓድ ጉግሳ።

ተማም በአጠገቡ አልፎት ሄዶ ከእትዬ ተሻለች ጎን ተቀመጠ። ልቅሶ ጀማሪ ይፈልጋል። አንዷ ትጀምራለች ብሎ ጠበቀ፤ ወንበሮቹ ግን ባዶ ሆኑ። በእነ ተማም ቤት ወንድ ድምፅ አውጥቶ አያለቅስም፤ ሃይማኖቱም አይፈቅድለትም። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነና የበቀለን ስም ጮክ ብሎ እየጠራ ማልቀስ ጀመረ።