ለወላጅ የተፈቀደ ክፍል

ሱዓድ ስትደውል ዙቤይዳ ከሚሴ ገበያ መሃል ቆማ ሽንኩርት እያስመዘነች ነበር።

«አከም ጅርቱ፣ እትዬ ዙቤይዳ? ሱዓድ ነኝ፤ የሲራጅ ልጅ።»

ዙቤይዳ ከሚዛኑ ፈቀቅ አለች። ሲራጅ ባሏ ነበር። ከብት ነጋዴ ስለነበር የሳምንቱን ግማሽ ባቲ ያድራል፤ እሷ ሳትወልድለት አሥር ዓመት ሲያልፍ እዚያው ባቲ ዘሊካ የምትባል ሴት አገባ። ሱዓድ የዘሊካ ልጅ ናት። ሲራጅ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ዘሊካ ከሞተች ደግሞ ገና ዓመት አልሞላትም። ዙቤይዳና ሱዓድ ለመጨረሻ ጊዜ የተያዩት በሲራጅ ለቅሶ ነው፤ ያኔም ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም።

«ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ። ምነው፣ በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው። ሐይቅ፣ ውሃው ዳር ያለው ትልቁ ሆቴል ተቀጥሬያለሁ። ሠራተኛ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቹን ጠርቶ ሁለት ሌሊት ማሳደር ይፈቀድለታል። እኔ የምጠራው ሰው የለኝም። ቢመጡልኝስ?»

ዙቤይዳ «ኢንሻአላህ» ብላ ዘጋች። ሦስት ቀን አወጣች፣ አወረደች። ጎረቤቷ ዓፊያ «ምን ፈልጋ ይሆን? የአባቷን ቤት እንዳይሆን» አለቻት። ዙቤይዳም ይህንኑ ሳታስብ አልቀረችም። ቢሆንም ሐሙስ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ፣ ውላ አድራ ብትመጣ የት ነበርሽ የሚላት ሰው አልነበረም።

ደሴ ላይ መኪና ቀይራ ሐይቅ ከተማ ስትገባ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ሆቴሉ ከከተማው ማዶ፣ በውሃው ምሥራቃዊ ዳርቻ ስለተሠራ እንግዳ የሚሻገረው በሞተር ጀልባ ነው። ጀልባ ነጂው ሸምሱ መንሳፈፊያውን አልብሶ እንዳስቀመጣት «ቢስሚላህ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጀልባዋ እስክትቆምም አልገለጠችውም።

ሱዓድ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ከልብሱ ጋር የተሰፋ ሰማያዊ ሻርፕ ተከናንባ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ቆማ ነበር። የአባቷ ግንባር፣ የአባቷ ቅንድብ። አጠገቧ የቆመው አለቃዋ ፎርሙን እያየ «ዝምድና?» አላት።

«እናቴ ናት» አለች ሱዓድ።

ዙቤይዳ ዞራ አየቻት። ነገር ግን ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል መጻፏን ቀጠለች። ፎርሙ ሌላ መልስ ስለማይቀበል ብቻ እንዳለችው ዙቤይዳ ገባት።

ክፍሉ ለሁለት ሰው የተሰናዳ ነበር። ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማ፣ ሁለት ብርጭቆ፤ አልጋው ላይ ከፎጣ የተሠሩ ሁለት ወፎች ምንቃር ለምንቃር ገጥመው ተቀምጠዋል። ዙቤይዳ እንዳይፈርሱባት ተጠንቅቃ ወፎቹን ወንበር ላይ አኖረችና ከአልጋው ጫፍ ላይ ጋደም አለች። ከሚሴ እንደምትተኛው፣ ግማሹን ለሌላ ሰው ትታ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን እንግዳው ሁሉ ውሃው ላይ ወደተዘረጋው የእንጨት መድረክ ወረደ። እሷም ወረደች። አብዛኞቹ ጥንዶች ናቸው። አንዲት ወጣት ሚስት ስልኳን እንደያዘች መጣችና «እናቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን፤ ፎቶው ውስጥ ገቡብን» አለቻት። ዙቤይዳ ፈቀቅ አለች። ወዲያው ሌሎች ባልና ሚስት እንዲሁ ጠየቋት። ሦስተኞቹ ሳይጠይቋት በገዛ ፈቃዷ ተነስታ ግድግዳው ሥር፣ ከአንድ ትልቅ የአበባ ማሰሮ ጎን ተቀመጠች።

ጀምበር መጥለቅ ለእሷ የመግሪብ ሶላት ሰዓት ነው እንጂ ተቀምጠው የሚያዩት ነገር ሆኖ አያውቅም። ውሃው መጀመሪያ የበሰለ ማንጎ መሰለ፤ ከዚያ መዳብ ሆነ፤ ከዚያ ጠቆረ። «ሲራጅ ቢኖር» ልትል ጀምራ ተወችው። ሲራጅ ቢኖር እዚህ የሚያመጣት እሷን እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረችም። ክፍሏ ገብታ ሰገደች፤ ይዛው ከመጣችው ዳቦ ቆረሰችና ብቻዋን በላች።

ሱዓድ የመጣችው በማግስቱ ጁምዓ፣ ከሥራ ስትወጣ ነው። የተጠበሰ አሳ በትሪ ይዛ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ጀምበሯ ገና አልጠለቀችም። ብዙ ሳይነጋገሩ በሉ። ዙቤይዳ ግን እዚያች ወንበር ላይ ከሃያ ዓመት በፊት ደጇ ቆማ የነበረችውን ሕፃን እንጂ ይህችን ሴት ማየት አልቻለችም።

ሱዓድ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሲራጅ «ከሚሴ ትማር፤ ከእኛ ጋር ትኑር» ብሎ እጇን ይዞ አመጣት። ዙቤይዳ በሩ ላይ ቆመች፤ «የእሷ ልጅ ይህን ደጃፍ አታልፍም» አለች። ሲራጅ አልተከራከረም። ልጅቷን በመጣችበት መኪና ይዟት ተመለሰ።

«ሱዓድ» አለች ዙቤይዳ፣ እጇን ታጥባ ስታበቃ። «ያኔ ልጅ ሆነሽ አባትሽ አምጥቶሽ ነበር። ታስታውሺው እንደሆን አላውቅም።»

«አስታውሳለሁ» አለች ሱዓድ። «ውሃ ጠምቶኝ ነበር። ውሃ ስጡኝ ለማለት ፈርቼ የአባቴን እጅ ጎተትኩት። እሱ ደግሞ እንሂድ ያልኩት መሰለው።»

ዙቤይዳ ስለ ውሃው አታውቅም ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ስታስበው የኖረችው ስለ ራሷ ቁጣ ነበር፤ ልጅቷ ይጠማታል ብላ አስባ አታውቅም።

«አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልጄ» አለች። «ወላሂ፣ አንቺ ምንም አላደረግሽኝም። አፉ በይኝ።»

ሱዓድ ወደ ውሃው ዞረች።

«እንጃ፣ እትዬ» አለች። «አልዋሽዎትም። የጠራሁዎት ወድጄዎት አይደለም። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴን የሚያውቅ ሰው አጣሁ። እኛ ቤት ሲመጣ እንግዳ ነበር፤ ጥሩ ጥሩውን በልቶ፣ ጥሩ ጥሩውን አውርቶ ይሄዳል። በሌላው ቀን ምን ዓይነት ሰው ነበር? እሱን ይንገሩኝ ብዬ ነው።»

ዙቤይዳ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። ከየት እንደምትጀምር ግራ ገባት። ከዚያ አይጥ እንደሚፈራ ነገረቻት። ያ በሬ በቀንዱ ይዞ የሚጥል ሰው፣ ጓዳ ውስጥ ኮሽ ካለ አልጋ ላይ ይወጣል። ጢሙን ሲላጭ መንዙማ ያንጎራጉራል፤ ግጥሙ ሲጠፋበት በኦሮምኛ የራሱን ይጨምርበታል። ከተቆጣ ሁለት ቀን አይናገርም፤ በሦስተኛው ቀን ግን ሙዝ ገዝቶ ይመጣል።

«ሙዝ?» አለች ሱዓድ፣ ሳቋ አምልጧት። «እናቴንም በሙዝ ነበር የሚታረቃት!»

ሁለቱም ሳቁ። ዙቤይዳን ያ ሙዝ በአንድ በኩል ወጋት፤ ለእሷ ብቻ የሚገዛ ይመስላት ነበር። ቢሆንም ሳቀች።

ወዲያው የሱዓድ ስልክ ጮኸ። በርከት ያሉ እንግዶች በጀልባ እየመጡ ነበርና ተመልሳ እንድትቀበል ታዘዘች። ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች። «መግሪብ ደርሷል፤ ይስገዱ» አለቻትና ወጣች። ጀምበሯ ስትጠልቅ ዙቤይዳ በረንዳው ላይ ብቻዋን ነበረች፤ ከታች ጥንዶቹ ፎቶ ይነሳሉ።

በማግስቱ ጠዋት ዙቤይዳ ስትሄድ ሱዓድ በእንግዳ ተከባ ነበር። ከሩቅ እጇን አነሳችላት፤ ዙቤይዳም አነሳች።

ከሚሴ እንደገባች ዓፊያ መጥታ «ታዲያ ምን ፈልጋ ኖሯል?» አለቻት።

«አባቷን» አለች ዙቤይዳ።

ለአረፋ በዓል ሱዓድ መጥታ አንድ ሌሊት አደረች። ዙቤይዳ የሲራጅን ፎቶዎች አወጣችላት፤ ሱዓድ ሁለቱን መርጣ ወሰደች። መናኸሪያ ድረስ ሸኝታት ስትመለስ ቤቱ ከሌላው ቀን ይልቅ ሰፋባት። ሱዓድ እስከ ዛሬ «አፉ ብዬዎታለሁ» አላለችም፤ ዙቤይዳም ደግማ አልጠየቀቻትም። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ይደዋወላሉ። ሱዓድ «ዛሬስ ስለ አባቴ ምን አለ?» ትላለች፤ ዙቤይዳም ሳምንቱን ሙሉ ስታስታውሰው የሰነበተችውን አንድ ነገር ትነግራታለች።