ድልድዩ ላይ የተነሳ እጅ

ሰፈሩ ሁሉ ፊሽካ ነው የሚላት። ሃያ ስድስት ዓመት አደባባይ መሃል ቆማ መኪና ስታስተናግድ ኖራ፣ አንድ ቀን የቸኮለ ፒካፕ ቀኝ እጇን ሰብሮ በጡረታ አስወጣት። አጥንቱስ ገጠመ፤ ጣቶቿ ግን አልታጠፍ እንዳሉ ቀሩ። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ብቻ የምታውቅ ይመስል፣ ጠዋት ማታ «ተቀመጪ» ነው።

መቀመጥ ለፊሽካ አልሆነላትም። ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለው ጌም ቤት የሰው እንቅስቃሴ የሚያነብ ካሜራ ማስገባቱን ሰምታ ሄደች። ሌላው ሰው ይጨፍርበታል፤ እሷ የጦርነት ጨዋታ ላይ አስገጠመችው። እንጨት ቆራጩን፣ ግንበኛውን፣ ወታደሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያሳዝዝ፣ ፋታ የማይሰጥ ጨዋታ ነው። ክንዷን ስትዘረጋ ሠራዊቱ ወደዚያ ይሄዳል፤ መዳፏን ስታነሳ ይቆማል፤ ወደ ደረቷ ስትስብ ይመለሳል። የመጀመሪያ ቀን ተጫውታ ስትመለስ እያንጎራጎረች ነበር የገባችው።

ውድድር ሲመጣ ግን የጌም ቤቱ ባለቤት ፊቱን አጠቆረ።

«እትዬ፣ ውድድር በኪቦርድና በማውስ ነው። ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቃ! እኔ ላይ ተስቆ የማያውቅ መሰለህ?»

ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው በአንድ ነገር ተስማሙ። አንድ ጨዋታ ትጫወታለች፤ ካሸነፈች ውድድሩን ትቀጥላለች፤ ከተሸነፈች ካሜራው ይነቀላል፣ እሷም ሁለተኛ እዚያ ድርሽ አትልም። ተጋጣሚዋ ታይፒስቱ የሚሉት የሰፈሩ ወጣት ሆነ። ጣቶቹ ኪቦርድ ላይ ሲሯሯጡ ዓይን አይከተላቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጢም አለ። እህቷ ወንበር ጎትታ ከኋላዋ አስቀመጠችላት።

«እባክሽ አታዋርጂን። ቢያንስ ተቀምጠሽ ሞክሪው።»

«ተቀምጬ መኪና አስቁሜ አላውቅም» አለቻት።

ታይፒስቱ ከጅምሩ ቀደማት። ሠራዊቱ የእሷን እጥፍ ሆነ። ከሩቋ የእግር መሻገሪያ ሌላ፣ ሁለቱን አገሮች የሚያገናኘው በወንዙ ላይ ያለ አንድ ጠባብ ድልድይ ነው፤ ፊሽካም ያላትን ሁሉ ይዛ ወደዚያ ገሰገሰች። ልክ ድልድዩ አፍ ስትደርስ ውጭ መንገዱ ላይ ፍሬን ሲጥ አለ። የሃያ ስድስት ዓመት ልማድ ነውና መዳፏ ሳታስበው ብድግ! ሠራዊቷ ባለበት ደርቆ ቀረ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ትራፊክ ያዛቸው!» አለ አንዱ። እህቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፊሽካ አፈረች፤ ወዲያው ደግሞ ንድድ አላት። እጇን ልታወርድ ስትል ታይፒስቱን አየችው። ካሜራው የተበላሸባት መስሎት ጓጉቷል፤ ያለውን ሠራዊት በሙሉ ድልድዩ ላይ እየነዳው ነው።

ይህን ነገር ታውቀዋለች። ሁሉም እኔ ልቅደም ሲል፣ ከፊት ያለው መውጫ ሲያጣ፣ ከኋላ ያለው ጥሩምባውን እየነፋ ሲገፋ፣ መንገዱ እንዴት እንደሚታነቅ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? መዳፏን አላወረደችም። መውጫውን በቆሙት ወታደሮች ዘግታ፣ በግራ ክንዷ ቀስተኞቿን በወንዙ መሻገሪያ አዙራ ከኋላ ላከች። ታይፒስቱ ኪቦርዱን በቀጠቀጠ ቁጥር ድልድዩ ይብስ ተጨናነቀ። ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። ቀኝ እጇ እስከ ትከሻዋ ድረስ ይጠዘጥዛት ጀመር፤ ብትሞት አታወርደውም!

ሳቁ ጠፋ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ታይፒስቱ ከኪቦርዱ ላይ እጁን አነሳ።

«ተሸነፍኩ» አለ። ከዚያ ተነስቶ ጎንበስ ብሎ ጨበጣት፣ የማይታጠፈውን እጅ።

ባለቤቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ዕድልም አለ እትዬ። ለሚቀጥለው ዙር ግን እንደ ሰው ቁጭ ብለው...»

«አትቀመጥም!»

ሁሉም ዞረ። የጮኸችው ታናሽ እህቷ ነበረች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ፊሽካ ኮቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ሰቀለችና፣ የተሰበረውን ክንዷን ወደ ተወዳዳሪዎቹ ዘረጋች።

«ቀጣዩ ይለፍ!»