ደሳለ ሚኒባሱን ኮሶ ሊያጠጣ ሲል

የደሳለ ሚኒባስ ከላሊበላ ወደ ጋሸና የሚወስደውን ዳገት ስትጀምር ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ አጋማሹ ላይ ስትደርስ ደግሞ ተሳፋሪ ካልወረደላት ንቅንቅ አትልም። በአዘቦት ቀን ሰዉ እየሣቀ ወርዶ በእግሩ ይወጣል። በመጪው እሁድ የምትጭነው ግን እህቱን ስሜነሽን ነው፤ ከነቬሎዋ፣ ከነሙሽራው፣ ከነሚዜዎቹ፣ እስከ ፍላቂት። ሙሽራ ከመኪና ወርዳ ዳገት ስትወጣ! ደሳለ ይህን ባሰበ ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። ወላጆቻቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው፤ እሷም «ከወንድሜ መኪና በቀር በሌላ አልሄድም» ብላ ቁርጡን ተናግራለች።

መካኒኩ ሙሉሃብት ሞተሩን ፈትሾ፣ የአየር ማጣሪያውን አራግፎ፣ «ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል ጥላሸት ይዞታል። ናፍጣ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ ግዛና እኔ ዘንድ አምጣት» አለው።

ደሳለ ሁለት ጠርሙስ ገዛ። ሙሉሃብት ዘንድ ግን ዝር አላለም። መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ ለእሱ ማን ይነግረዋል? ኮሶ በባዶ ሆዱ እየጠጣ ያደገ የላስታ ልጅ! ናፍጣው እስኪሟጠጥ ጠብቆ አንዱን ጠርሙስ ቤቱ ደጃፍ ላይ ታንኳ ውስጥ አንቆረቆረው። ሁለተኛውን ሲከፍት ሙሉሃብት ከተፍ አለ።

«ተው! ምን እያደረግህ ነው?»

«በባዶ ሆዷ ነው የሰጠኋት፤ ጠራርጎ ያወጣላታል።»

«ሰው አደረግሃት እንዴ? አንዱ ጠርሙስ ለሙሉ ታንክ ነው! ናፍጣ ካላቀጠነው የፓምፑን ላስቲክ ይበላዋል። በል ቁልፉን አምጣ፤ ሳይሞላ አትነሳም።»

ሙሉሃብት መጀመሪያ እጁን በሳሙና አስታጠበው። ከዚያ ለሠርጉ ዳስ ሲጥሉ የነበሩት ጎረቤቶች ሥራቸውን ትተው ሚኒባሷን እየገፉ ማደያ አደረሷት። ሰልፉ ረጅም ነበር። ሾፌሮቹ የኮሶውን ነገር ሲሰሙ በሣቅ ፈረሱ፤ የሙሽራ መኪና መሆኗን ሲሰሙ ደግሞ ተራቸውን ለቀቁላት። ታንኩ ጢም አለ። ደሳለ እስከ ሠርጉ ድረስ ጋሸና ሲመላለስባት ጭሱ እየሳሳ፣ ጉልበቷም እየተመለሰ ሄደ።

እሁድ ዳገቱን ሲጀምሩ ደሳለ መሪውን ጨምድዶ ያዘ። ከኋላው ሚዜዎቹ ይዘፍናሉ፤ እሱ ግን ጆሮው ሞተሩ ላይ ነው። ሚኒባሷ ማንንም ሳታወርድ ወጣች።

ጋሸናን አልፈው ሜዳውን ሲይዙ ግን መኪናዋ መንቀርፈፍ ጀመረች። ስሜነሽ ቬሎዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ፊት ጠጋ አለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ደከመች እንዴ?»

«እሷስ ደህና ናት» አለ፤ ድምፁ ተቆራረጠ። «ፍላቂት ቶሎ እንዳይደርስብኝ ነው።»

ስሜነሽ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። እንባዋ እየወረደ ሣቀች።

«ለመልስም በዚህችው ነው የምንመጣው። በል አሁን ንዳ።»

ደሳለ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ነዳጅ ሰጣት።