ምነው ጨው በሆነ

በፈረንጆቹ 1996፣ የአይሁድ ፋሲካ ዋዜማ ዕለት፣ ናታንያ ሺኩን ቫቲኪም ሰፈር ውስጥ፣ ማናለሽ ዘመድና ጎረቤት ባለበት የሚከተለውን አስታወቀች። ከዛሬ ጀምሮ የመቃሬሯን፣ የማቀዝቀዣዋን፣ በር ያለ እሷ ፈቃድ የሚከፍት የለም። ቀዝቃዛ ውሃ የፈለገ ይጠይቃል። በሩ ሲከፈት በዝግታ ነው፣ ሲዘጋም በዝግታ ነው።

ከላይኛው ፎቅ የሚኖረው ጡረተኛው ያኮቭ የራሱ መቃሬር ነበረው። ቢሆንም ነገሩ ከባድ መሆኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ምክንያቱ ይታየው የሚባለው የማናለሽ ልጅ ነው። እሱና ዓይናዲስ፣ የማናለሽ ታናሽ እኅት የባንች ልጅ፣ ቴል አቪቭ በአንድ ላቦራቶሪ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይማራሉ። የሚያጠኑት ዲኤንኤ ላይ እንደ ኮርቻ የሚቀመጥ አንድ ፕሮቲን ነው። ቅርጹን ለማወቅ መጀመሪያ ክሪስታል እንዲሆን ማድረግ፣ ከዚያ በኤክስሬይ ማንሳት ያስፈልጋል። ፕሮቲን ደግሞ ሲጠሩት የሚመጣ ዓይነት አይደለም። ጠብታውን ከስስ መስታወት ሥር አንጠልጥለው፣ ብርድ ውስጥ አስቀምጠው፣ ሳይነኩ ይጠብቁታል።

ፕሮፌሰሯ ነገሩን አሳጥራ ነግራቸዋለች። ለዶክቶራት ያላት ቦታ አንድ ነው። ክሪስታል ቀድሞ ያወጣ ይገባበታል።

ላቦራቶሪው ለበዓል ሲዘጋ ብርድ ክፍሉ ተበላሸና፣ ጠብታዎቹን የያዘችው ባለ ብዙ ጉድጓድ የላስቲክ ሳህን ናታንያ መጣች። ግማሿ የሱ፣ ግማሿ የሷ ነች።

«እኛ ቤት ትቀመጥ» አለች ባንች።

«ያንቺ መቃሬር እንደ ትራክተር ይንቀጠቀጣል» አለች ማናለሽ። ወደ ልጇ ዞረች። በፋሲካ እርሾ ክልክል ስለሆነ ቤቱ ከእርሾ ጸድቷል። «እርሾ አለበት?»

«የለበትም እማዬ። ፕሮቲኑን የሠራልን ባክቴሪያ ነው። አንጀት ውስጥ የሚኖር።»

«የምን አንጀት?»

«የሰው።»

«እርሾ ካልሆነ ጥሩ» አለችና የላይኛውን መደርደሪያ ሰጠችው።

የሁለቱ አሠራር ይለያያል። ዓይናዲስ ከእያንዳንዱ መስታወት ሥር ሁለት ሁለት ጠብታ ታንጠለጥላለች። አንዱ ቢከሽፍ ሌላው አለ ባይ ናት። ይታየው አንድ ብቻ። ማናለሽ ይህን ከልጇ ሰምታ ለሺኩኑ ሁሉ አዳርሳዋለች።

«የኔ ልጅ አንድ ነው የሚያደርግ! እጁን ያምናላ። ሁለት ሁለት የሚያደርግ የፈራ ነው።»

«ልጄ ጥንቁቅ ናት እታለም» አለች ባንች።

«ኧረ እኔ የማንን ስም ጠራሁ?»

በበዓሉ አጋማሽ ይታየው ሳህኗን አውጥቶ፣ ከላቦራቶሪ ባመጣት ትንሽ ማይክሮስኮፕ ሲያይ ቆይቶ «ወጣ!» ብሎ ጮኸ።

ማናለሽ ከጓዳ ሮጣ መጣች። «ያንተው ነው?»

ይታየው እንደገና አጎነበሰ። ክሪስታሉ ከሚፈልገው ጊዜ ትንሽ ረዘም አድርጎ አየ።

«ቆንጆ ነው» አለ።

ምሳ ሳይደርስ የማናለሽ ልጅ ማውጣቱን ያልሰማ አልነበረም።

ሰዉ ተራ ገባ። ያኮቭ ዓይኑን ደቅኖ «አየሁት! ረጃጅም፣ ጥቁር፣ እሾህ እሾህ የሚመስል!» አለ። ያየው የገዛ ሽፋሽፍቱን ነው። «ኮል ሃካቮድ! ጎበዝ!» ብሎም የይታየውን ትከሻ መታ። ባንች ዓይኗን እንደሚያማት ተናገረች። እስከዚያ ቀን አሟት አያውቅም። ዓይናዲስ የማድቤቱ በር ላይ ቆማ «እንኳን ደስ ያለህ» አለች።

«ነይ እዪዋ» አለቻት ማናለሽ።

«ከዚሁ ይታየኛል አክስቴ።»

ክሪስታሉ ከበርበሬ ፍሬ ብናኝ ያንሳል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይናዲስ ምግብ አልወረደላትም። ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወጥታ በገደሉ አፋፍ ትመላለሳለች። የጠብታ መለኪያውን ፒፔት እንደ ማንኪያ የሚጨብጥ ልጅ! የሴሚናር ጽሑፉን ዕብራይስጥ ያረመችለት እሷ። የመጀመሪያውን ሳህን ሲያዘጋጅ አጠገቡ ቆማ ያሳየችው እሷ። አሁን ዶክተር ይታየው ሊባል ነው። በየሠርጉ ከፊት ሊቀመጥ ነው፣ እሷም ልታጨበጭብ ነው።

አንድ ተስፋ ብቻ ቀርቷታል። በጠብታው ውስጥ ጨው አለ፣ ጨውም ክሪስታል ይሠራል። ጨው አብቅሎ የደገሰ ተማሪ በየላቦራቶሪው አለ። ዓይናዲስ ባሕሩን አየችው፣ እስከ ሰማዩ ጥግ ድረስ። ይህን ሁሉ ጨው የፈጠረ አምላክ ይታየውን አንዲት ቅንጣት ይነፍገዋል?

በዓሉ በወጣ ማግስት፣ ሳህኗ ወደ ቴል አቪቭ ልትመለስ ስትል፣ ዓይናዲስ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ይዛ መጣች። ሰማያዊ ቀለም ነው።

«ለፕሮፌሰሯ ከመናገራችን በፊት እናረጋግጥ» አለች። «ፕሮቲን ከሆነ ቀለሙን ይጠጣል። ጨው ከሆነ አይጠጣም። ለአንተው ብዬ ነው። እዚያ ሄደህ እንዳታፍር።»

«ሬጋ፣ ሬጋ! ቆይ!» አለ ይታየው እጁን ዘርግቶ። «ይበላሻል። መነካት የለበትም።»

«እውነቱን ማወቅ አይሻልም? ሳይንስ እኮ ነው።»

«ትሞክረው!» አለች ማናለሽ፣ ያኮቭና ባንች ባሉበት። «የኔ ልጅ ሥራ ፈተና አይፈራም። አንሺው ዓይናዲስ።»

«እማዬ፣ ተዪ...»

«አንሺው ብያለሁ!»

ዓይናዲስ ብልቃጡን ከፈተች። በወረንጦ ያችን ስስ መስታወት ከሳህኗ ላይ ላጠቻት፣ በጥንቃቄም ገለበጠቻት። ጠረጴዛው ላይ፣ በመስኮቱ ብርሃን ሥር አኖረቻት።

ማናለሽ ከሁሉ ቀድማ አጎነበሰች።

«ሁለት ናቸው» አለች።

ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። ሁለት ጠብታዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ባዶ ነው። ሌላኛው ውስጥ አንዲት ነገር ብርሃን ስታገኝ ብልጭ ትላለች። ይታየው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል፤ ውጭ የያኮቭ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

ባንች ወንበር ስባ ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀመጠች። «እስቲ እኔም ልየው» አለች።

ዓይናዲስ መስታወቷን አንስታ፣ እስትንፋሷን ይዛ፣ ወደ ቦታዋ መለሰቻት። ከዚያ የብልቃጡን ክዳን ማጥበቅ ጀመረች።

«ቀለሙስ?» አለ ያኮቭ።

«አያስፈልግም» አለች፤ «ይበላሻል።»