ጉበት በፍልሰታ

ሰርካለም የረጋውን ሽሮ በጣቷ አድቦልቡላ መሃሉን በስንጥር በሳችና ኪኒኑን ከተተችበት። በእንጀራ ቁራጭ ጠቅልላ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ሥር ለተኛችው ውሻ አቀረበችላት። ሰሊጥ አሸተተች፣ በጥርሷ ጫፍ በትሕትና ተቀበለች፣ አኘከች። ሰርካለም ጆሮዋን ዳበስ አድርጋ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

ውሻዋ ሰሊጥ የተባለችው ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ በመጣ መኪና ላይ ተቀምጣ ስለመጣች ነው። ሾፌሩ ጎንደር አቅራቢያ ፀዳ ላይ ሲያወርዳት የጎኗ አጥንት ይቆጠር ነበር፤ ሳልም ነበረባት። ሰርካለም ዘመድ ጠይቃ ስትመለስ አየቻትና በባጃጅ ጭና አራዳ ሰፈር ወደ ቤቷ አስገባቻት። የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር አስናቀው ደሟን መርምሮ የልብ ትል እንዳለባት ነገራት። በትንኝ ንክሻ የሚመጣ የቆላ በሽታ ነው አላት፤ ትሉ ልቧና የሳንባዋ ደም ሥር ውስጥ ያድጋል። ልትድን ትችላለች። ግን ለሁለት ወር መሮጥ የለባትም፤ ለሠላሳ ቀን ደግሞ ኪኒኑን ጠዋትና ማታ ሳታቋርጥ መዋጥ አለባት። በሥጋ ሸፍነሽ ስጫት፣ ወተት ግን መድኃኒቱን ያደክመዋል ብሎ አስጠነቀቃት።

መሮጡ አላስቸገረም፤ ሰሊጥ ከአግዳሚው ሥር መውጣት አትወድም። ያስቸገረው ሥጋው ነበር። ፍልሰታ ገብቷል።

ሰርካለም የተከራየችበት ግቢ ባለቤት አያ ባህሩ ከትውልድ ሀገራቸው ከመካነ ብርሃን ወጥተው ጎንደር ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ አጿጿማቸው ግን እንደ ሀገራቸው ነው። በጾም እሳቸው ግቢ ሥጋ አይገባም፣ እንቁላልም ቢሆን። እነሱ ዘንድ ውሻ ከቤቱ ጋር ይጾማል፤ ቤቱ የበላውን ነው የሚበላው። ሰርካለም ደግሞ ሰው ማስከፋት አትወድም። ስለዚህ ሽሮ ሆነ።

በአምስተኛው ቀን አያ ባህሩ ከቅዳሴ ተመልሰው አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ ከዘራቸው ወደቀ። ሊያነሡ ጎንበስ እንዳሉ ውሻዋ ከምትተኛበት ጆንያ ሥር አንድ ነገር አዩ። ለቅመው በመዳፋቸው ይዘው ሰርካለምን ጠሯት። ኪኒን ነው፤ ስድስት ፍሬ፣ ሽሮው ተልሶ የጸዳ።

«ሽሮውንስ ወዳዋለች» አሉ።

ሰርካለም አልሳቀችም። ለካ የሰሊጥ ሳል አልቀንስ ያለው ለዚህ ኖሯል። እዚያው ቆማ ለዶክተር አስናቀው ደወለች፤ አያ ባህሩም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ዶክተሩ ዛሬ ቀኑን ከአንድ ትጀምር አለ፤ አሁንም እየተፋች ከቀጠለች ግን ትሉ እያደገ ልቧን ይዘጋዋል፣ ያኔ እኔም የማደርግላት የለም አላት።

ስልኩን ዘጋችና ወለሉን እያየች፦

«አያ ባህሩ፣ በሥጋ ካልሆነ ልትሞትብኝ ነው» አለች።

አያ ባህሩ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለሱ ፊታቸው ቅጭም ብሏል። የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ኖሯል። የውሻዋን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናግረው፣ በግቢዬ ሥጋ ባስገባ ምን ይሆን ቅጣቴ ብለው ጠየቁ።

«ጾሙ የታዘዘው ላንተ ነው፣ ምነው ውሻዋን ጨመርህ? ብለው ሳቁብኝ» አሉ።

ሰርካለም ወዲያው ቦርሳዋን አነሣች። በፍልሰታ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ዝግ ነው፤ የሚገኘው አዲስ ዓለም ሰፈር፣ እስላም ሥጋ ቤት ነው። አያ ባህሩ በሩ ላይ ቆመው ቦርሳውን ከእጇ ወሰዱ። አንዲት ወጣት በጾም ከሥጋ ቤት ስትወጣ ከታየች ሀገር ያወራባታል፤ እሳቸውን ግን ማን ይጠረጥራል?

በዝናቡ ሄዱ። ሲመለሱ የሆነውን እየተቆጡ ነገሯት። ግማሽ ኪሎ ጉበት ገዝተው፣ ላዩን በአንድ እስር ጎመን ሸፍነው መንገድ ሲሻገሩ ከማኅበርተኛቸው ከወይዘሮ ሸዋረግ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ወይዘሮ ሸዋረግ በሰላምታው አልቸኮሉም። ጤና ጠየቁ፣ ዝናቡን አሙ፣ ጎመኑ ሸጋ ነው ብለው አመሰገኑ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ አያ ባህሩ ጫማ ወረደ።

«ጎመንዎ ይደማል እኮ፣ አያ ባህሩ።»

«ለውሻ ነው።»

«እንዴታ! ሁሉም ሲያዝ ለውሻ ነው የሚለው።»

ሰርካለም አፏን በእጇ ከደነች። አያ ባህሩ እስከ ነገ ቅዳሴ ያልሰማ አይኖርም እያሉ አጉረመረሙ፤ ይሁንና ጢማቸው ሥር ሳቅ የመሰለ ነገር አየችባቸው።

የሰርካለም ምድጃ እንዳይነካ አዘዙ። ማንደጃውን ጣራው ሥር አውጥተው፣ ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ጥደው ጉበቱን ራሳቸው ቀቀሉት። ሽታው ሲነሣ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ማሽተት ያስፈስክ እንደሆነ መጠየቅ ረስተው ነበር። ሰሊጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአግዳሚው ሥር ሳትጠራ ወጣች፤ ሰርካለም እንዳትዘል አንገቷን አቅፋ ያዘቻት።

ሦስት ቁራጭ አዘጋጁ። የመጀመሪያው ባዶ ነበር፤ ሰሊጥ ሳታኝክ ዋጠችው። ሁለተኛው ውስጥ ኪኒኑ አለ። አፏ ውስጥ አንድ ጊዜ አገላበጠችውና ቆመች። አያ ባህሩ ሦስተኛውን ቁራጭ ከውሻዋ አፍንጫ ፊት አስጠጉ።

«ከዘገየሽ እኔው እበላዋለሁ» አሏት።

ቁራጩ በጉሮሮዋ ወረደ። ሦስተኛውንም ከእጃቸው ነጠቀች። ሰርካለም መንጋጋዋን ከፍታ ምላሷን አነሣች፣ ጉንጯን በጣቷ ዳሰሰች፤ አያ ባህሩ ጆንያውን ገልብጠው አራገፉ። ምንም የለም።

በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰዎች በየተራ ያቺ ውሻዎ እንዴት አደረች አሏቸው። ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንዳንዶቹም ጥቅሻ ጨምረው። አያ ባህሩ ለእያንዳንዱ ደኅና ናት፣ ሁለቱንም ዋጠች ብለው መለሱ፤ የማታውንና ከቤት ሳይወጡ የሰጧትን የጠዋቱን ኪኒን ማለታቸው ነው። ቤት ገብተው እህል ሳይቀምሱ ቆርቆሮውን በአመድ ፈተጉት፣ ሁለት ጊዜ አለቀለቁት፣ ከሌላው ዕቃ እንዳይቀላቀል አጥሩ እንጨት ላይ ደፉት።